የኔታ የፈረዱበት አባት

የሰው እንባ አወጣጥ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ጎረቤቱ ታሞ ሲያቃስት “እግዜር ይማርህ” ብሎ በአጥር ላይ የሚያልፍ ሰውዬ፣ መጽሐፍ ውስጥ ያለች፣ ተወልዳ የማታውቅ፣ ወደፊትም የማትወለድ ልጅ ራሷን አመማት ሲባል አንጀቱ ይንሰፈሰፋል። እኔ የአማርኛ መምህር ስለሆንሁ ይህን ጉድ በየዓመቱ ክፍል ውስጥ አየዋለሁ። አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው ቁርስ ሳይቀምስ እንደመጣ ልብ የማይል ተማሪ፣ ልብ ወለዱ ውስጥ ያለው ሰው ሲርበው አፍንጫው ይረጥባል። እናንተም አትሳቁ። መጽሐፍ ይዛችሁ፣ ፊታችሁን ወደ ግድግዳ አዙራችሁ፣ “ዓይኔ ውስጥ ትንኝ ገባ” ያላችሁበት ቀን የለም? አለ። አልናገርባችሁም።

በተለይ እነዚያ የድሮ የፍቅር መጻሕፍት! ሁለት ልጆች ይዋደዳሉ፤ አባት እምቢ ይላል፤ ዘመኑ ይከፋል፤ መንገዱ ይረዝማል፤ በመጨረሻ ሁለቱም ይሞታሉ። አንባቢው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እንደሚሞቱ ያውቃል። እያወቀ ያነባል፣ እያወቀ ያለቅሳል፣ ጨርሶ ሲከድነው “አይ ያ ጨካኝ አባት!” ይላል። ከዚያ ብድግ ብሎ የገዛ ልጁን “ያ አብሮሽ ቆሞ የነበረው ማን ነው?” ብሎ ያፈጥጥባታል። መጽሐፉ ሌላ፣ ቤቱ ሌላ። ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ካልተገኘ በቀር እንደተለያዩ ይኖራሉ።

እኔ ይህን ያገናኘች አንዲት ሴት አውቃለሁ። የአጎቴ ሚስት ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው ወረታ ነው፤ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ የሚለያዩበት፣ ባጃጅ ከእግረኛ የሚበልጥበት ከተማ። ትምህርት ሲዘጋ ግን ወደ ፎገራ ሜዳ ወርጄ፣ ካሳደጉኝ አጎቴ ዘንድ እከርማለሁ። አጎቴ መሪጌታ ላቀው ይባላሉ። አገሬው “የኔታ” ይላቸዋል፤ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያው ነው የምላቸው። ዜማ አዋቂ ናቸው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ሰው የሚለዩት በድምፁና በአረማመዱ ነው። ዳዊታቸውን ግን ይዘው ይቀመጣሉ። ሳይገልጡት ይደግሙታል።

ባለቤታቸው እማ ጥሩወርቅ ይባላሉ። ዝምተኛ ናቸው። እኔ እዚያ ቤት ባደግሁበት ዘመን ሁሉ ከባላቸው ፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ አልሰማሁም። ይህን አስታውሱልኝ።

የመጨረሻ ልጃቸው ይታይሽ ናት። ወረታ ቤት ተከራይታ ተምራ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ተመለሰች። ተመልሳ ስትመጣ ግን ልቧን እዚያው ወረታ፣ ከደብረ ታቦሩ መንገድ ዳር ካለ አንድ የብየዳ ቤት ውስጥ ትታ ነበር። የብየዳ ቤቱ ባለቤት አበጀ ይባላል። በርና መስኮት ይሠራል፣ የተሰበረ ባጃጅ ይጠግናል፣ የሩዝ መፈልፈያ ሲበላሽ ከየገጠሩ የሚጠሩት እሱን ነው። ቁምነገረኛ፣ ትሑት፣ ቀልደኛ ልጅ። ታዲያ ምን ችግር አለ ትሉኛላችሁ። ችግሩ አባቱ ነው። አባቱም ምንም አላጠፉም፤ አያ ቢምረው ይባላሉ፤ ቀጥቃጭ ናቸው።

የከተማ ሰው “ቀጥቃጭ ቢሆኑስ?” ይል ይሆናል። የእኛን አገር ባያውቅ ነው። አያ ቢምረው ከመንደሩ ጥግ፣ ወናፋቸውን ተክለው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለአገሩ ማረሻና ማጭድ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። ሜዳው በእሳቸው ማረሻ ይታረሳል፣ ሩዙ በእሳቸው ማጭድ ይታጨዳል። ቤታቸው ገብቶ እህል የሚቀምስ ሰው ግን የለም። እሳቸው ሲያልፉ የሚበላ ሰው እጁን ይሸፍናል፤ እናት ሕፃኗን ወደ ጓዳ ታስገባለች። “ዓይናቸው ይበላል” ነው ነገሩ። ፊት ለፊት ማንም አይናገረውም፤ ከኋላ ማንም አይተወውም።

ልጅየው ያንኑ ብረት ወረታ ላይ በኤሌክትሪክ ሲያቀልጠው “ኢንጂነር” ተባለ። እዚህ ላይ እኔ ምንም አልጨምርም።

ይባስ ብሎ የደብሩን የቅጽር በር የሠራው አበጀ ነው። ሲተከል የኔታ በእጃቸው ዳሰው፣ የመስቀሉን ቅርጽ በጣታቸው ተከትለው፣ “እጅህ ይባረክ ልጄ” ብለው መርቀውታል። እሑድ እሑድ አገሩ ሁሉ ያንን በር እየሳመ ይገባል። የቀጥቃጭ ልጅ የሠራውን ብረት በከንፈሩ እየሳመ ማለቴ ነው። ለመሳም አልተቸገረም። አበጀ ከዐቢይ ጾም በፊት ሽማግሌ ልኮ ይታይሽን ሲያስጠይቅ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ።

የኔታ አልተሳደቡም። ጨዋ ናቸው። ሽማግሌዎቹን አስቀምጠው፣ አስተናግደው፣ “ልጄ ገና ናት” ብለው ሸኟቸው። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ አንበሳሜ ላለ ለአንድ የደብር አለቃ ልጅ ሊድሯት ቃል ሰጡ። ገና የነበረችው ልጅ በጾም ውስጥ ደረሰች።

ይታይሽ አልጮኸችም። አላለቀሰችም። ዝም አለች። የሩዝ ችግኝ ሲተከል ወጥታ ትተክላለች፣ ሲታረም ታርማለች፣ ተመልሳ ጥግ ይዛ እንዝርቷን ታሾራለች። ስታወራት ትመልሳለች፤ ከሁለት ቃል አይበልጥም። አባቷ “ልጄ ረጋች” ብለው ደስ አላቸው። እናቷ ደስ አላላቸውም።

በዚያ ሐምሌ ነው እኔ የደረስሁት። የርብም የጉማራም ወንዞች ሞልተው፣ ሜዳው ከጣና ጋር ሊጋባ አንድ ሐሙስ ቀርቶት፣ ከአስፋልቱ ወደ መንደራችን የሚወስደው መንገድ ከኋላዬ ተዘጋ። ቦርሳዬ ውስጥ የነበረው ሽፋኑ የተላጠ፣ አሮጌ የፍቅር መጽሐፍ ብቻ ነበር። ርእሱን አልነግራችሁም። አንዲት ብርነሽ የምትባል የነጋዴ ልጅና የአባቷን በቅሎዎች የሚጭን ደምለው የሚባል ወጣት ይዋደዳሉ፤ የቀረውን ገምቱት።

የሚካኤል ዕለት፣ እርሻ የለም፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ተቀምጠን ሳለ የኔታ ገጽ ሲገለጥ ሰሙ።

“ምንድን ነው የምታነበው?”

“ልብ ወለድ ነው የኔታ።”

“እውነት ነው ውሸት?”

“ውሸት ነው።”

“እንግዲያው አንብብልኝ፤ ውሸቱ ያማረ እንደሆነ ልየው።”

አነበብሁላቸው። በመጀመሪያው ቀን የኔታ ሙሉ በሙሉ ከብርነሽ አባት ጎን ነበሩ። “አባት ያውቃል” አሉ። “ይህች ልጅ ቀበጥ ናት። ደግሞ በቅሎ ጫኙ ምን ቆርጦት ነው ቀና ብሎ የሚያያት?” አሉ። እማ ጥሩወርቅ ምስር እየለቀሙ ነበር፤ ቀና አላሉም።

ወሬው ወጣ። የገብርኤል ዕለት ጎረቤት ተሰበሰበ። በዓል ነው፣ ዝናብ ነው፣ መሄጃ የለም፤ እንግዲህ ከመሪጌታ ቤት የተሻለ የት ይኬዳል? ሽማግሌው መደብ ላይ፣ ሴቶቹ ወደ ጓዳው፣ ወጣቱ በራፉ ላይ። ከሁሉ ፊት አያ ፈንቴ የሚባሉ ጎረቤታችን ተቀመጡ። አያ ፈንቴ ድምፃቸው ከሜዳው ማዶ የሚሰማ፣ ልባቸው ቶሎ የሚነካ ሰው ናቸው። ያን ቀን የደረስነው ነጋዴው ወንዝ ሲሻገር ጎርፍ ሊወስደው ሲል፣ ደምለው ዘሎ ገብቶ በጀርባው ተሸክሞ ያወጣበት ገጽ ላይ ነው። ሰዎቻችን ጎርፍ ያውቃሉ። ነጋዴው ድኖ፣ ልብሱን ጨምቆ፣ “ልጅህን ስጠኝ” ሲባል እንደገና እምቢ ሲል አያ ፈንቴ ከመደቡ ላይ ተነሡ።

“በጀርባው ተሸክሞ ያወጣውን ልጅ?! ይሄ ሰውዬ አገሩ የት ነው?”

“መጽሐፍ ነው አያ ፈንቴ” አልሁ።

“መጽሐፍም ቢሆን ይሉኝታ የለውም?”

የኔታ ዳዊታቸውን ጭብጥ አድርገው ያዙ። ያን ዕለት ከሄዱት ሰዎች መካከል ሳይሳደብ የወጣ የለም፤ የተሰደበውም ያው የብርነሽ አባት ነው።

የማርያም ዕለት ቤቱ ጠበበ። ከማዶ ሰፈር ሳይቀር ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ ውሃውን እያቋረጡ መጡ። ነጋዴው ብርነሽን ለሌላ ሊድር ቀን ሲቆርጥ ደምለውን ደግሞ ወደ ቆላ ሰደደው፤ ሄዶ በወባ እንዲቀር አስቦ ነው። ገጹን ሳልጨርስ ሁካታ ሆነ። አያ ፈንቴ እጃቸውን አነሡ።

“የኔታ! አገር የሚያስታርቁ እርስዎ ነዎት። እስቲ ለዚህ ነገር ፍርድ ይስጡ!”

የኔታ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። በሽምግልና እንደሚቀመጡት አድርገው ተቀመጡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“አባትየው ጥፋተኛ ነው” አሉ። “ልጁ ሠርቶ ያድራል፣ ፈጣሪውን ይፈራል፣ ልጅቱን ይወዳል። አማች ከዚህ ሌላ ምን ይጠየቃል? አጥንት? አጥንት እንደሆነ የሁላችንም ያው አፈር ነው የሚገባው። ይህ ሰው ልጁን የወደደ መስሎታል እንጂ የወደደው ስሙን ነው። እኔ ብሆን እድርለት ነበር።”

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ብቻ ይሰማል። አያ ፈንቴ ጣራውን ማየት ጀመሩ። አንዷ ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ጥግ ላይ የይታይሽ እንዝርት ቆመ። በዚያ ቤት ውስጥ የተነገረው ነገር ያልገባው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም የተናገረው።

እኔ መጽሐፉን ከደንሁና ወደ ደጅ ወጣሁ። እማ ጥሩወርቅ ከበረቱ አጠገብ ደረሱብኝ።

“መጨረሻው ምንድን ነው?” አሉኝ።

“ምኑ?”

“የመጽሐፉ። ልጆቹ ምን ይሆናሉ?”

“ይሞታሉ እማ። እሱ ቆላ ወባ ይገድለዋል። እሷ ደግሞ ከወንዙ ዳር እየጠበቀችው በኀዘን ትሞታለች። ግን ግድ የለም፤ እዘለዋለሁ፤ ወይም አለሳልሰዋለሁ። ሰው በበዓል ቀን...”

ክንዴን ያዙኝ። እጃቸው እንደዚያ ጠንካራ መሆኑን አላውቅም ነበር።

“እንዳለ አንብበው” አሉ። “አንዲት ቃል እንዳታስቀር።”

የመድኃኔዓለም ዕለት አነበብሁት። እንዳለ። ደምለው ቆላ ላይ፣ ከአንድ ዋርካ ሥር፣ ስሟን እየጠራ ሞተ። ብርነሽ ደግሞ የሞቱን ወሬ ሳትሰማ ከመሻገሪያው ዳር ተቀምጣ ክረምቱ ወጣ፣ በጋው ገባ፤ አንድ ቀን ሰዎች ሲደርሱ ቀዝቅዛ አገኟት። አነበብሁት እላለሁ እንጂ እኔም ድምፄ እየተሰበረ ነው። ሴቶቹ ተንሰቀሰቁ። አያ ፈንቴ እንደ ሕፃን እሪ አሉ። የየኔታ ዓይን፣ ብርሃን ያቃተው ዓይን፣ እንባ አላቃተውም፤ ጺማቸው ራሰ።

“አባትየውስ?” አሉ። “ያ አባት ያን ጊዜ የት ነበር?”

ገጹን ፈልጌ “ከቤቱ ተቀምጦ ነበር ይላል” አልሁ።

“ተቀምጦ! እንዴት ሰው ልጁ እንዲህ ስትሆን አያይም?”

በዚያን ጊዜ ነው እማ ጥሩወርቅ የተናገሩት። ጮኸው አይደለም። ግን ቤቱን የሞላው ሕዝብ ሁሉ ሰማ።

“እርስዎስ የት ነዎት?”

የኔታ ድምፁ ወደመጣበት ዞሩ። እማ ጥሩወርቅ ወጥተው ወደ ጎረቤት ሄዱ። ሲመለሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ነበር፤ ፈትተው ከባላቸው እጅ ላይ አኖሩት። የኔታ ዳሰሱት። ጠርሙስ ነው።

“ምንድን ነው ይሄ?”

“የሩዝ አረም መድኃኒት ነው። ከልጅዎ ደብቄ ከጎረቤት ያኖርሁት።”

“ለምን?”

“ለምን እንደሆነ ይሄው መጽሐፉ ነገረዎት። ለአንበሳሜ ቃል ከሰጡ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። እሷ ስትወጣ እከተላታለሁ፣ ስትዘገይ ልቤ ይወርዳል። እርስዎ ‘ረጋች’ ይላሉ። ማርያም ዕለት ለዚያች ለማናውቃት ልጅ ፈረዱ። አሁን ለይታይሽ ይፍረዱ።”

ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ። እንዲህ ያለ ንግግር ግን በየትኛውም አላገኘሁም።

የኔታ ጠርሙሱን ከጎናቸው አኖሩ። “ይታይሽ፣ ወዲህ ነይ” አሉ። መጣች። ከፊታቸው ተንበረከከች። ፊቷን በእጃቸው ዳሰሱ፤ አገጯን፣ ጉንጯን፣ የከሳውን ሁሉ።

“እውነቱን ንገሪኝ። እንዲህ አስበሽ ነበር?”

ይታይሽ እናቷን አየች። አባቷን አየች። ከዚያ፣ የተቆጣች በሚመስል ድምፅ፣

“ኧረ በስመ አብ! እኔ ለምን እሞታለሁ?” አለች። “ልሄድ ነበር ያሰብሁት። ወደ አረብ አገር። ፓስፖርቴን ጨርሻለሁ። መንገዱ ሲደርቅ ልሄድ ነበር። አበጀን በስተኋላ ልወስደው፣ ካልተቻለም ሠርቼ ልመለስ፣ ያን ጊዜ ማንም ምንም አይለኝም ብዬ። እንደ ብርነሽ ወንዝ ዳር ቁጭ ብዬ እሞታለሁ እንዴ? እሷ ሞኝ ናት። ዝም ብላ አትሻገርም ነበር?”

ከሴቶቹ መካከል አንዷ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። ከዚያ ሌላዋ። እማ ጥሩወርቅ ግን መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ያን ሁሉ ጊዜ የደበቁት ሌላ፣ ልጅቱ የደበቀችው ሌላ። “ፓስፖርት?” እያሉ ያለቅሳሉ፣ ይስቃሉ፣ እንደገና ያለቅሳሉ። ይታይሽ አንገታቸውን አቅፋ፣ “እማ፣ ይቅር በይኝ፣ እንዲህ መፍራትሽን አላወቅሁም” ስትል ነው እሷም በተራዋ ያለቀሰችው። ከዐቢይ ጾም ወዲህ የመጀመሪያዋ።

የኔታ ተነሥተው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።

ፍልሰታ ገባ። ሱባኤ ያዙ። አገሩ ግን አልጾመም፤ ሐሜቱን ነው የምላችሁ። “ሚስታቸው በአደባባይ አዋረደቻቸው” ያለ አለ፤ “ሊፈቷት ነው” ያለ አለ፤ “ልጅቱን ይረግማሉ” ያለም አለ። እኔ ራሴ ፈርቼ ነበር። መንገዱ ቢከፈት ወረታ እሸሽ ነበር።

ፍልሰታ በተፈታ በማግሥቱ ጠዋት ጠሩኝ።

“በቅሎዋን ጫንልኝ።”

“የት ሊሄዱ የኔታ? ሜዳው ውሃ ነው።”

“ቢምረው ቤት።”

ካባቸውን ለበሱ። አዲሱን ጥምጥማቸውን ጠመጠሙ። እኔ በቅሎዋን እየሳብሁ፣ ውሃው ጉልበቴን እያለፈ፣ ካፊያው ከላይ እየወረደ፣ መንደሩን ከዳር እስከ ዳር አቋረጥነው። በር ላይ ያልቆመ ሰው አልነበረም። የሴት ልጅ አባት ወደ ወንድ ልጅ ቤት ሽማግሌ ሆኖ ሲሄድ በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም። አንዱ “የኔታ ወዴት ነው?” ብሎ ሲጠይቃቸው “ዕዳዬን ልከፍል” አሉት፤ ነገሩ ግራ ገብቶት ቀረ።

አያ ቢምረው ከወናፋቸው አጠገብ ብድግ አሉ። ባለቤታቸው ሮጠው ምድጃው ላይ የተጣደውን ከደኑ፤ እንግዳ ሲመጣ ምግብ መደበቅ ልማድ ሆኖባቸዋል፤ ለማይቀምስ ሰው ማቅረብ ራስን ማዋረድ ነዋ። የኔታ አፍንጫቸውን ቀና አደረጉ።

“ሽሮ ይሸተኛል” አሉ።

አያ ቢምረው ተርበተበቱ። “የኔታ፣ ከእኛ ቤት እኮ ሰው አይቀምስም።”

“ማን ነው ያለው?”

“ሰው ሁሉ።”

“እኔን አልጠየቁኝም። ርቦኛል።”

እንጀራው ቀረበ፤ ሩዝና ጤፍ ተቀላቅሎ የተጋገረው የእኛው አገር እንጀራ። አያ ቢምረው ግን ሳሕኑን በእጃቸው ያዝ አደረጉት። ኩሩ ሰው መሆናቸውን ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

“ከመብላትዎ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ። ልጄ ወረታ ላይ ስም ስላገኘ ነው የመጡት? ወይስ እኔንም ብለው ነው?”

የኔታ አንገታቸውን ደፉ። “አንተን ነው ቢምረው። በአንተ ማረሻ ያረስሁትን ስበላ ኖሬ፣ ስምህ ከልጄ ስም ጋር ሲነሣ ያፈርሁ ሰው ነኝ። ያን ጊዜ ልጅህ ሲጠይቀኝ ልክ ያልሆነ መልስ ሰጠሁ። አሁን እኔ ልጠይቅህ መጣሁ። ልጄን ለልጅህ ትቀበልልኛለህ?”

ውጭ በረዶ የመሰለ ዝናብ ይወርዳል። አያ ቢምረው ሳሕኑን ለቀቁት።

“ወጥ ጨምሪላቸው” አሉ ለባለቤታቸው።

በልተን ወጣን። እኔም በልቻለሁ፤ ጣፋጭ ሽሮ ነበር። ቤት ደርሰን አበጀ ዘንድ ስልክ ደወልሁ፤ ጀነሬተር ውስጥ እጁን ከትቶ ነበር መሰለኝ፣ “እንዴ? እንዴ? እንዴ?” ከማለት በቀር ሌላ ቃል ጠፋበት። ይታይሽ ስልኩን ተቀብላ “ሥራህን ጨርሰህ ና” ስትለው ነው ልብ የገዛ።

አሁን ያለቀ መሰላችሁ? አላለቀም። የኔታ ጉንፋን ያዛቸው!

በካፊያ መሄድና በረጠበ ካባ መቀመጥ ውጤቱ ይሄው ነው፤ እኔም ያስነጥሰኝ ነበር። ነገር ግን አገሩ የሚጠብቀው ይህንኑ ነበር። “ከቀጥቃጭ ቤት በልተዋል፤ እናያለን” ብሎ ጆሮውን ተክሎ የሚውል ሰው በዝቷል። ስለዚህ የኔታ፣ ያ ትልቅ ሊቅ፣ ሳላቸውን መደበቅ ያዙ። ሰው ሲመጣ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ ፊታቸው ይቀላል፤ ሰውዬው እንደወጣ ትራስ ውስጥ ገብተው ይስላሉ። እማ ጥሩወርቅ ዝንጅብል ከማር እያፈሉ ያጠጧቸዋል። አያ ፈንቴ በቀን ሁለቴ “እንዴት አደሩ፣ እንዴት ዋሉ” እያሉ ይመጣሉ፤ ደረታቸውን ለመስማት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። “እንደ ዘንድሮ ተሽሎኝ አያውቅም” ይላሉ የኔታ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

የቅዱስ ዮሐንስ ዕለት አዲሱን ዓመት ለመቀበል ቤተ ክርስቲያኑ ሞላ። የኔታ ከመቋሚያቸው ላይ ተደግፈው ቆመዋል። ሕዝቡ ዜማውን ሳይሆን ሳሉን ነው የሚጠብቀው። ተነፈሱ። እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ። ድምፃቸው ወጣ፤ አንደበታቸው እንደ ወጣትነታቸው ጠርቶ፣ ጣራውን አልፎ፣ ከቅጽሩ ውጭ የቆሙት ሴቶች ሳይቀሩ እልል እስኪሉ ድረስ። ከበሮው ተከተለ። ጽናጽሉ ተከተለ። ከኋላ፣ ከሰው ሁሉ ርቀው የመቆም ልማድ ያላቸው አያ ቢምረው፣ ሳይታወቃቸው ወደ ፊት ቀርበው ያጨበጭቡ ነበር፤ ገለል ያለ ሰው አላየሁም።

ሠርጉ ጥር ላይ ሆነ፤ በቁርባን። የአንበሳሜዎቹ ተቀየሙ፤ ቢቀየሙም እውነት አላቸው፤ እስከ ዛሬም ገበያ ላይ ሲያገኙኝ ሰላምታቸው ቀዝቃዛ ነው። ከመንደራችንም መጥቶ ያልበላ ሰው አለ። ከእነዚያ አንዱ፣ ለደምለው ሲሉ እሪ ያሉት አያ ፈንቴ ናቸው። “ጨጓራዬ ነው” አሉ። ጨጓራቸው ጠላውን ግን አልተቃወመም። እኔ አልፈርድባቸውም፤ መጽሐፍ ውስጥ ላለ በቅሎ ጫኝ ማልቀስ ነጻ ነው፤ አጠገብህ ከተቀመጠ ቀጥቃጭ ጋር መጉረስ ግን ሆድ ይጠይቃል። ሆኖም ብዙው ሰው በላ። ከወረታ የባጃጅ ሹፌሮቹ ሁሉ መጡ፤ አቧራውን እያስነሡ፣ ጥሩምባቸውን እየነፉ፣ ሜዳውን ሲያቋርጡ ከብቱ ደነገጠ። እማ ጥሩወርቅ ጨፈሩ። ያቺ ዝምተኛ ሴት! የኔታ ጭብጨባውን ተከትለው “ማን ነው እንዲህ የሚረግጠው?” ሲሉ “ሚስትዎ ናቸው” አልኋቸው። “አይመስለኝም” አሉ፤ ቀጥለው ግን እሳቸውም ትከሻቸውን ነቅነቅ ማድረጋቸውን አይቻለሁ።

ይታይሽ ዛሬ ወረታ ናት። ከብየዳ ቤቱ ጎን የበርና የመስኮት ትእዛዝ ትቀበላለች፤ ዋጋ ላይ ከአበጀ ይልቅ እሷ ትከብዳለች። ፓስፖርቷን ስጠይቃት “አለ፤ ለጉብኝት” ትላለች።

እኔስ? እኔ ከዚያ ወዲህ አላረፍሁም። ክረምት ሊገባ ሲል ስልኬ መጮህ ይጀምራል። የሚደውሉት እናቶች ናቸው፤ ከሜዳው ዙሪያ ካለ መንደር ሁሉ። ልጄ አንዱን ወዳለች፣ አባቷ አሻፈረኝ ብሏል፣ አንተ ያ መጽሐፍ አለህ አሉ፣ እስቲ መጥተህ አንብብልን። ትናንት የደወሉልኝ ሴትዮ ደግሞ ከማውቃቸው ሁሉ ጠንቃቃ ናቸው። ከሰላምታ በኋላ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ገቡ።

“ልጆቹ ይሞታሉ?”

“ይሞታሉ እናቴ።”

“ሁለቱም?”

“ሁለቱም።”

ጥቂት አሰቡ። እንደ ሐኪም መድኃኒት የሚመዝኑ ይመስላሉ።

“የእኔው ባል እንኳ በሁለት ሰው ሞት የሚመለስ አይደለም” አሉኝ። “ጠንከር ያለ የለህም?”